ሁለቴ ሁለተኛ

«እማ፣ ብር አገኘሁ!» አልኳት በስልክ። እየጮህኩ ነበር።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ! ስንት ብር?» አለችኝ።

ሜዳሊያ እንጂ የሚቆጠር ብር እንዳልሆነ ለማስረዳት የስልክ ካርዴን ጨረስኩ። ገባት። ገብቷትም አልለቀቀችኝም። «ታዲያ ወርቁን ማን ወሰደው?»

2001 ዓ.ም. ነው፤ 19 ዓመቴ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለተኛነት ስንት ሰው ጠይቆኛል። አሰልጣኝም ይጠይቅ የባጃጅ ተሳፋሪ፣ ጥያቄው ያው የእናቴ ጥያቄ ነው።

ማን እንደሆንኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኩታበር ተወልጄ፣ ደሴ ላይ ሩጫ ጀምሬ፣ ዛሬ እዚያው ደሴ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። ስሜን ብነግራችሁ አታውቁትም። ክለብ ገብቻለሁ፣ በሩጫ ደሞዝ በልቻለሁ፣ አገር አቀፍ ውድድር ላይ ተሰልፌያለሁ። የኢትዮጵያን መለያ ግን አልለበስኩም። ሁለት ትልልቅ ቀኖች ነበሩኝ። በሁለቱም ሁለተኛ ወጣሁ። በአንደኛው ጨፈርኩ፤ በሌላው ሩጫ ተውኩ። ዛሬ ሳስበው ሁለቱንም ገልብጬ ነው የተረዳኋቸው። ይህን የምጽፈው ልጁ ሁለተኛ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቤት ለገባበት ወላጅ ነው። አንገቱን ለደፋው ሯጭም ነው።

የጨፈርኩበት ይቅደም።

የክልል ውድድር ነበር፤ 5,000 ሜትር፣ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል። ዋዜማው ላይ ወሬ ተሰማ። አንድ ክለብ ከዚህ ርቀት ሁለት ልጅ ይወስዳል ተባለ። ሁለት! ሌሊቱን ሙሉ ይቺ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ስትዞር አደረች።

ሲጀመር አንድ የጎጃም ልጅ ፊት ወጣ። ከስምንተኛው ዙር በኋላ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። እሱ ይመራል፣ እኔ ከጀርባው ተለጥፌያለሁ። 600 ሜትር ሲቀር ፍጥነት ጨመረ። መከተል እችል ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ሦስተኛው ሠላሳ ሜትር ያህል ርቋል። «በቃ» አልኩ በሆዴ። ለቀቅኩት። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሦስተኛው እየቀረበ መጣ፤ የፈጠንኩት ያኔ ነው። ወርቁን አስቤ ሳይሆን ሁለተኛነቴን ልጠብቅ ብዬ።

ክለቡ ወሰደኝ። በወር 800 ብር። የመጀመሪያውን ደሞዝ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀምጬ «ይኸው፣ ይሄኛው የሚቆጠር ነው» አልኳት። ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ዱዓ ተደረገ። አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «አብሽር፣ ሰው ሆነሃል» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ከዚያ አምስት ዓመት ሮጥኩ። ጠዋት ጠዋት ከጢጣ ወደ ቦሩ ሜዳ፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለፍጥነት ልምምድ ወደ ኮምቦልቻ እንወርድ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። እዚያ ይሞቃል፣ አየሩም ይበቃል፣ እግርህ የሌላ ሰው እግር ይመስልሃል። ስትመለስ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጣህ ጆሮህ ይደፈናል፤ ያ የተዋስከው እግር እዚያው ኮምቦልቻ ይቀራል።

ልምምድ ላይ ማንም አይጥለኝም ነበር። ውድድር ላይ ግን ሁሌም ያው ነኝ። ከሰው ጀርባ። አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ። የክለቡ ልጆች «ጥላው» ብለው ስም አወጡልኝ። እኔም ስቄ ተቀበልኩት። ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ነፋሱን ሌላ ሰው ይመታልሃል፣ አንተ ትቆጥባለህ፣ መጨረሻ ላይ ትወጣለህ። ችግሩ መጨረሻ ላይ አልወጣም ነበር።

2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አገር አቀፍ ውድድር፣ 10,000 ሜትር። ከመኝታ በፊት አብሮኝ የሚተኛው ልጅ «አንድ ቀን እንኳ ፊት ብትወጣ ምን ትሆናለህ? ትሞታለህ?» አለኝ። በቀልድ ነበር። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

ካፊያ ነበር። አሥረኛው ዙር ላይ ፊት ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ከኋላዬ ስንት ሰው እንዳለ አላየሁም፤ የስፓይክ፣ የመሮጫ ጫማ፣ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሃያኛው ዙር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ደወሉ ሲደወል እኔ ፊት ነበርኩ። ኩርባውን ስንወጣም እኔ ነበርኩ። ሰማንያ ሜትር ሲቀር በቀኜ በኩል ትከሻ አየሁ። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ። አልበቃም። በ0.6 ሰከንድ ቀደመኝ።

ሰዓቴ 28 ደቂቃ ከ51 ነበር። በፊት ከነበረኝ ምርጥ ሰዓት በ23 ሰከንድ ይሻላል። ይህን ያወቅኩት ማታ ነው። ወዲያው ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። ሳሩ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ አንድ የክለባችን አሰልጣኝ ራሴ ላይ ቆሞ «ወርቁ እጅህ ላይ ነበር፣ ጣልከው። ማን ምራ አለህ? ለሁለተኛ የሚያጨበጭብ የለም» አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

አመንኩት። ሰው ትንፋሽ አጥሮት በተዘረረበት ሰዓት የሰማውን ሁሉ ያምናል። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሜዳሊያውን ሻንጣ ኪስ ውስጥ ወሸቅኩት። ለእናቴም አልደወልኩም። በወሩ ክለቡን ለቀቅኩ። ሰባት ወር ጫማ አላሰርኩም። ደሴ ላይ የሰው ባጃጅ ተከራይቼ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ መመላለስ ጀመርኩ። አንዳንዱ ተሳፋሪ በመስታወት አይቶኝ «አንተ ሯጩ አይደለህም እንዴ?» ይለኛል። «ነበርኩ» እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፦ «ለምን ተውከው?» «ሁለተኛ ወጣሁ» ማለት አፍሬ «እግሬን አመመኝ» እል ነበር። አስቡት። ሁለተኛ ከመባል በሽተኛ መባል መርጬ ነበር።

የገለበጠኝ አንድ ደብተር ነው። የተከራየሁበትን ቤት ስለቅ ከአሮጌ ጫማ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። የውድድር ደብተሬ ነው። ዳር ቆሞ ሰዓት የሚይዝልኝ ጓደኛ ነበረኝ፤ የየዙሩን ሰዓት ይነግረኛል፣ እኔ እገለብጣለሁ። ሥር ላይ አንድ ሁለት ቃል እጨምራለሁ። ከልማድ በቀር ምክንያት አልነበረኝም።

የ2001ዱን ገለጥኩ። መካከለኛዎቹ ዙሮች 71፣ 72፣ 72። የመጨረሻዋ 58። ከሥሩ በራሴ እጅ «አልሐምዱሊላህ። አልደከመኝም» ይላል።

አልደከመኝም! ቁጭ ብዬ ይህን ቃል ሳየው ቆየሁ። በሕይወቴ ትልቁ ውድድር ላይ ሁለተኛ ወጥቼ አልደከመኝም ነበር። የመጨረሻዋን 400 ሜትር በ58 የሚሮጥ ሰው ከዚያ በፊት ሲቆጥብ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ቤታችን ቡና የተፈላው።

የ2006ቱን ገለጥኩ። 69፣ 69፣ 70፣ 69፣ 69። የመጨረሻዋ 61። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም። ብዕሩን ተጭኜ የቀደድኩት ቦታ ብቻ አለ።

እውነቱን ለመናገር 2001 ላይ ክለብ መግባቴን አልነቅፍም። ቤታችን ብሩ ያስፈልግ ነበር። ለዚያ ቀን ሁለተኛነት በቂ ነበር። የምነቅፈው ያ አሯሯጥ ለአምስት ዓመት ልማዴ መሆኑን ነው። ከዚያ ልማድ አንድ ቀን ብቻ ወጣሁ። የወጣሁበትን ቀን ደግሞ ውድቀት ብዬ ሰየምኩት።

እስቲ ስለ ቃሉ ላንሳ። እኛ «ተሸነፈ» እና «ወደቀ» የሚሉትን እንቀላቅላለን። ፈተና ላይ 50 ያመጣ አለፈ፣ ያላመጣ ወደቀ ይባላል። ሃምሳ ልጅ ሁሉም ሊያልፍ ይችላል። ሩጫ እንደዚያ አይደለም። ሃያ አምስት ሰው ሁሉም ዘጠና ዘጠኝ ቢያመጣ እንኳ አንደኛው አንድ ነው። ሃያ አራቱ ተሸንፈዋል። ወድቀዋል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሰሌዳው ላይ አይጻፍም።

በዚያው ልክ «ዋናው መሳተፍ ነው» የሚለውን ንግግር አልወደውም። ለልደት ዝግጅት ሩጫ ይሆናል። ትልቅ ውድድር ላይ ሁለተኛ የወጣ ሰው ተሸንፏል። አልተሸነፍክም ብሎ መዋሸት ንቀት ነው። ገንዘቡም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮናዎች ለአንደኛ 70,000 ዶላር፣ ለሁለተኛ 35,000 ዶላር ነበር። ግማሽ ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የዓለም አትሌቲክስ ተቋም ለመጀመሪያ ጊዜ ለወርቅ 50,000 ዶላር ሲሰጥ ለብር ምንም አልከፈለም። የሜዳሊያ ሰንጠረዡም ያው ነው፤ አንድ ወርቅ ያለው አገር አሥር ብር ካለው በላይ ይቀመጣል። ልጅ በግ ተሸጦ ስፓይክ ተገዝቶለት ሲሮጥ «ሁለተኛም አንድ ነው» ብትሉት ሒሳቡን ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ግን እዚህ ላይ ስለ ኦሎምፒክ አንድ ወግ ልጨምር፣ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ዘመናዊው ኦሎምፒክ ሲጀመር አንደኛ የወጣው ራሱ የሚሸለመው ብር ነበር። ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ የሚለው ቅደም ተከተል የመጣው በ1904 ነው። «እና ያኔ ብትሮጥ ኖሮ አንደኛ ነበርክ?» አለችኝ። አይደለም እማ። ግን ይሁን።

ወደ ትልልቆቹ ስሄድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልኛል።

መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ መስቀል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ በሰው እግር መሀል ተሹለክልኬ የሲድኒውን ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ አየሁ። 11 ዓመቴ ነው። ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን መስመሩ ላይ ሲቀድመው ሻይ ቤቱ ፈረሰ። ሰው ተቃቀፈ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። ቴርጋትን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላየሁትም። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ0.12 ነው። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው ከመቶ ሜትር ሯጮች በጠበበ ልዩነት ጨረሱ።

አሁን ያንን ቪዲዮ ለልጆቼ አሳያለሁ። «ኃይሌን አትዩት፣ ቴርጋትን ብቻ ተከተሉ» እላቸዋለሁ። ይከብዳቸዋል፤ ዓይናቸው ያመልጣል። በመጨረሻው ዙር ቀድሞ የተፈተለከው እሱ ነው። ያንን ዓይነት ሩጫ ውድቀት ብላችሁ ልትጠሩት ትችሉ እንደሆነ እዩ። በሦስተኛው ዓመት በርሊን ላይ በ2:04:55 የማራቶን የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ያን ቀን በአንድ ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣ ሰው አለ፤ ሳሚ ኮሪር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሪከርዱን ማን ወሰደው? ኃይሌ፣ እዚያው በርሊን ላይ። አንዳንድ ሰው ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል።

ስለሺ ስህንን አስቡ። አቴንስ 2004፣ ሄልሲንኪ 2005፣ ኦሳካ 2007፣ ቤጂንግ 2008 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። አራቱም ላይ በ10,000 ሁለተኛ፤ አራቱም ላይ ፊቱ ያለው ቀነኒሳ ነው። እኛ ሰፈር «ስለሺ ዕድለ ቢስ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ዕድለ ቢስ ሰው አራት ጊዜ እዚያ ቦታ አይደርስም። ከሱ በኋላ የጨረሱትን ስም ጥሩ ብትባሉ ስንት ትጠራላችሁ?

ለሜቻ ግርማ ደግሞ አለ። ዶሃ 2019 ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል በ0.01 ሰከንድ ተቀደመ። ዓይን የማይለየው ነገር ነው። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሁለተኛ፣ ዩጂን 2022 ሁለተኛ። ሰኔ 2023 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የዓለም ሪከርድ ሰበረ፤ ለ19 ዓመት ገደማ የቆየ ሪከርድ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ቡዳፔስት ላይ እንደገና ሁለተኛ። በዚህ ርቀት ከሱ የፈጠነ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁለተኛ ወጣ። ይህ ልጅ ነው የወደቀ የሚባለው? በ2024ቱ ኦሎምፒክ ላይ ግን በእርግጥ ወደቀ። የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክሉ አሰናክሎት መሬት ላይ ተዘረጋ፤ በቃሬዛ ነው ያወጡት። መውደቅ ማለት እሱ ነው። ለዚያ እንኳ «ውድቀት» የሚለው ቃል አፌ ላይ አይመጣም።

አንድ ስሌት ብቻ ልጨምር፣ ልጆቹ ይወዱታል። ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ወርቅ ያገኘው በ27:43.22 ነው፤ ሙቀት ነበር፣ ሩጫውም ዝግ ያለ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በሪሁ አረጋዊ በ26:43.44 ሁለተኛ ወጣ። ብሩ ከወርቁ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጥናል! ኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ የቀደመው በ0.3 ሰከንድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከበሪሁ በ0.02 ብቻ ነው የዘገየው። ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ የያዘውን የኦሎምፒክ ሪከርድ ያን ማታ 13 ሰው አሻሻለው። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ፊት ባይወጡ ሩጫው እንዲህ አይፈጥንም ነበር። ታዲያ በማግስቱ እኛ አገር ሻይ ቤት ውስጥ ምን ተባለ? «አፈርን» ነው የተባለው። እኔም ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነበር። ትንሽ ተናድጄ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ደረጃ ፊትህ ማን እንደቆመ ይነግርሃል። አንተ ምን እንዳደረግህ የምታውቀው አንተና ደብተርህ ናችሁ። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተቀደመ። ከሳምንት በኋላ እዚያው ማራቶንን አሸነፈ። ያቺ ሳምንት ላይ አንድ ሰው ራሱ ላይ ቆሞ «ጣልከው» ቢለው ኖሮስ እላለሁ። እኔ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ተቀድሜ ሰባት ወር ባጃጅ ነዳሁ።

አሁን ቃል ወደገባሁት ልመለስ፤ ሩጫው እንዳለቀ ስላለችው የመጀመሪያ ሰዓት።

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የባርሴሎና ኦሎምፒክን ቪዲዮ አይተው ያወጡት ጥናት አለ። ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይልቅ ደስተኛ ይመስሉ ነበር። ሁለተኛው ወደ ላይ፣ ለጥቂት ወዳመለጠው ያያል። ሦስተኛው ወደ ታች፣ ሜዳሊያ ወዳጣው አራተኛ ያያል። እኔ ጥናቱን ሳላነብ በፊት ሆጤ ሜዳ ላይ በየውድድሩ አየው ነበር። ሦስተኛዋ ትዘላለች፤ ሁለተኛዋ ማሊያዋን ራሷ ላይ ጥላ ትቀመጣለች።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ አውቄም ተሳስቻለሁ። ዓምና አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በ3,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣች። ሄጄ «አይዞሽ፣ ሁለተኛ መውጣት እኮ ትልቅ ነገር ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ኮች፣ እርስዎ ሁለተኛ ሲወጡ ደስ ብሎዎት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚህም የባሰው አንዱ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱን እንዴት ላስረዳት?

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ቀላል ነው። ከውድድሩ በፊት ባለው ማታ ልጆቹ ነገ የሚሮጡት ለምን እንደሆነ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ለሰዓት ነው? ሚኒማ፣ ለውድድር መግቢያ የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ለማሟላት? ለመመረጥ? ለማሸነፍ? ማጣሪያ ላይ ሦስት ሰው የሚመረጥ ከሆነ ሁለተኛ የወጣ ሰው የሄደበትን አግኝቷል፤ እዚያ ላይ ማልቀስ ቅንጦት ነው። ዋናው ውድድር ላይ ደግሞ ያው ሁለተኛነት ያማል፤ ይመም። ቁም ነገሩ ከውድድሩ በፊት መጻፉ ነው። ከተሮጠ በኋላ ሁሉም ሰው ሐሳቡን ከውጤቱ ጋር ያስማማል፤ እኔ አስማምቻለሁ።

ውድድሩ ባለቀበት ቀን ስለ ሩጫው አልናገርም። ውሃ፣ ልብስ፣ ምግብ። የሚያለቅስ ያልቅስ። በማግስቱ ደብተር ይመጣል። የምጠይቀው አንድ ነው፦ «የት ላይ ፈራህ?» አንዳንዱ የትም አልፈራሁም ይላል፤ ሰዓቱን ስናየው እውነቱን ይሆናል። እሱን አቅፌው እሸኘዋለሁ፤ የሚስተካከለው ልምምዱ እንጂ እሱ አይደለም። አንዳንዱ «አምስተኛው ዙር ላይ» ይላል። ከእሱ ጋር ሥራ አለን፣ አንደኛ ቢወጣም እንኳ። አንደኛ ወጥተው የፈሩ ብዙ አሉ። ማንም ስለማይጠይቃቸው ነው እንጂ።

ወላጆችን የምለምናችሁ አንዲት ነገር ናት። ስልክ ስትደውሉ «ስንተኛ ወጣች?» ከማለታችሁ በፊት «በላች? ደህና ናት?» በሉ። የልጅቷ አባት ያን ቀን ሲደውል መጀመሪያ የጠየቀው ደረጃዋን ነው። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። ልጅቷ ግን ሰማች። ትምህርቷንም አታስቁሟት። ሁለተኛ ስትወጣ ሌላ የምትሄድበት ቦታ እንዳላት ያወቀች ልጅ ፊት ለመውጣት አትፈራም።

የቀደመኝን ሰው በኋላ አግኝቼዋለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ምሳ ቤት፤ የጭነት መኪና ይዞ ከሚሌ እየመጣ ነበር። እኔ ወዲያው አወቅኩት፣ ስንት ሌሊት በሕልሜ በቀኝ በኩል ያለፈኝ ሰው ነው። ስለዚያ ውድድር አነሳሁበት። ፊቱ በራ። ካፊያውን ያስታውሳል። ግራ እግሩ ውሃ ቋጥሮበት እንደነበር ያስታውሳል። ፊት ሆኖ ሲጎትታቸው የነበረውን «ያን እብድ» ያስታውሳል። «ሊገድለን ነበር ወላሂ» አለ እየሳቀ። «ሁለተኛ ማን ነበር የወጣው?»

እኔ ነኝ አልኩት። እብዱም እኔ ነኝ። ሹካውን አስቀመጠ። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል እምቢ አለ።

ልጅቷ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ላይ ሮጠች። ስድስት ዙር ሙሉ ፊት ነበረች፤ ያንን ማንም አላዘዛትም። መጨረሻ ላይ አንዷ ቀደመቻት። እንደገና ሁለተኛ። ወደ እሷ ሄጄ ውሃ ሰጠኋትና ዝም ብዬ ቆምኩ። ጠጥታ ጨረሰች።

«ኮች፣ ደብተሩን ነገ አመጣልዎታለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ላልቅስ።»

ከሚሴ እስክንደርስ አለቀሰች። ሐረጎን ስንወጣ መንገድ ላይ ከገዛነው ብርቱካን አንዱን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ።